ሻርኩን ተይው፣ የአየር መለኪያሽን እይ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዱባይ ነው የምሠራው። ዘንድሮ ኦፕን ዋተር (የመጀመሪያውን የባሕር ጠለቃ ኮርስ) ጨርሻለሁ፤ እስካሁን 14 ጊዜ ጠልቄያለሁ። የካቲት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ማልዲቭስ፣ ቫቩ አቶል (እንደ ቀለበት የተደረደሩ ደሴቶች) ልንሄድ ነው። ሻርኮቹን ለማየት 30 ሜትር መውረድ አለባችሁ ተባልን። እናቴ ዓሣ ነባሪ ሊበላሽ ነው ወይ እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ሻርክ ቢመጣብኝ ምን ላድርግ? ጥልቀቱስ ይከብደኛል? ከዚያ በቀጥታ ለእረፍት አዲስ አበባ እበራለሁ፤ ችግር አለው?»

ሰላም እህቴ። አንቺ እያልኩሽ ልቀጥል።

መጀመሪያ ከእናትሽ ልጀምር። ዓሣ ነባሪና ሻርክ አንድ እንዳልሆኑ ንገሪልኝ። ዓሣ ነባሪ እንደኛ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ሻርክ ዓሣ ነው። አንቺ የምትሄጂበት ቦታ በብዛት ያሉት ደግሞ በሪፍ፣ ማለትም ኮራል በሠራው የባሕር ውስጥ ድንጋይ፣ አካባቢ የሚኖሩ የሪፍ ሻርኮች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሁለት ሜትር አይሞሉም፣ የሚበሉትም ዓሣ፣ ኦክቶፐስና የመሳሰለውን ነው። ሰው ምግባቸው አይደለም። ይሄን ለእናትሽ ስትነግሪያቸው ትንሽ ቀለል ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ አንቺ። መልሴ ሂጂ ነው። ግን አሁን ባለሽ ወረቀትና በ14 ዳይቭ 30 ሜትር አትውረጂ። ይሄን የምልሽ ሻርኩን ፈርቼ አይደለም። ብዙ ዓመት ሰው ይዤ ስወርድ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ሰው ሻርክ ፈርቶ ይመጣል። ከዚያ ሻርኩን ያያል፤ ፍርሃቱ ብን ብሎ ይጠፋል፤ በቦታው መደነቅ ይተካል። በመደነቁ ውስጥ ሆኖ የራሱን አየር፣ የራሱን ጥልቀት፣ አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን ይረሳል። አደጋው የሚመጣው እዚያ ጋ ነው።

ሻርኮቹ ለምን እዚያ እንደሚሰበሰቡ ከገባሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። በማልዲቭስ ቋንቋ፣ በዲቬሂ፣ «ካንዱ» የሚሉት የአቶሉን ጠርዝ ሰብሮ የሚገባ መተላለፊያ ነው። በውጪው ውቅያኖስና በአቶሉ ውስጥ ባለው ረጋ ያለ ባሕር መካከል ያለ በር ማለት ነው። ቫቩ ውስጥ ሚያሩ ካንዱ የሚባል አለ። «ሚያሩ» ማለት ሻርክ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡት የአገሩ ሰዎች ቦታውን ስለሚያውቁት ነው። ፎተዮ ካንዱም እዚያው ነው። ባሕሩ በዚህ በር ሲገባ ጠቦ ስለሚያልፍ ይፈጥናል። ከረንት የምንለው ይሄ ነው፤ ባሕር ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ብለሽ አስቢው። ከውጪ ወደ ውስጥ ሲፈስ ጥርት ያለ የውቅያኖስ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያም የካንዱውን ከንፈር፣ ማለትም የመግቢያውን ጠርዝ፣ መትቶ ወደ ላይ ይነሳል። ሻርኮቹ የሚቆሙት በትክክል እዚያ ከንፈሩ ላይ ነው።

ጆፌ አሞራ አይተሽ ታውቂ የለ? ክንፉን ዘርግቶ፣ አንዴም ሳያርገበግብ፣ በሚነሳው ሞቃት አየር ላይ ሲንሳፈፍ? ግራጫው የሪፍ ሻርክም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ ፋካራቫ አቶል ላይ የተሠራና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር። ሻርኮቹ ወደ ላይ በሚነሳው ውሃ ላይ እየተንሳፈፉ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ጉልበት እንደሚቆጥቡ አሳይቷል። ይሄ ሻርክ በአብዛኛው እየዋኘ ነው የሚተነፍሰው፤ ቆሞ ሲያርፍ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ከረንቱ ማረፊያው ነው። ተራ ይዘው ሲጠቀሙበት ታያለሽ፤ አንዱ ከፊት እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ ከዚያ ራሱን ለቆ ወደ ኋላ ይወሰዳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የካቲት መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ሞንሱን (ወቅታዊ ነፋስ) ውሃው በብዛት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ቫቩ ደግሞ በምሥራቁ በኩል ስላለ ካንዱዎቹ ከውጪ ወደ ውስጥ ይፈስሳሉ። ሻርክ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ሻርክ ቢመጣብኝ ላልሽው። ግራጫውን የምትለዪው በጅራቱ ነው፤ የጅራቱ የኋላ ጠርዝ በሰፊው ጥቁር ቀለም የተቀባ ይመስላል። ጫፈ ነጩ ቀጠን ያለ ነው፣ የጀርባ ክንፉ ጫፍ ነጭ፣ ቀን ቀን ዋሻ ውስጥ አሸዋ ላይ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ይሄኛው ቆሞም መተንፈስ ይችላል። ሦስተኛው ነርስ ሻርክ ነው፤ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ዘገምተኛ።

መጀመሪያ ሲያይሽ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። ከሰማያዊው ውስጥ ጥላ የሚመስል ነገር ይወጣል። ቅርጽ የሚይዘው ከ20 ሜትር ገደማ ሲቀርብ ነው። በቀጥታ አይመጣም፤ በሰያፍ ነው የሚመጣው፣ ሌላ ጉዳይ ያለው ይመስል። አምስት ስድስት ሜትር ላይ ሲደርስ ጎኑን ይሰጥሻል፣ ያኔ ዓይኑን ታያለሽ። ዓይኑ ክብ ነው፣ አይርገበገብም፣ አንቺ ላይ ግን ይቆያል። ጆሮ ግንዱ የሚባለው ቦታ ላይ ያሉት አምስቱ የጉሮሮ ስንጥቆች ቀስ ብለው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ቆዳው ከሩቅ ለስላሳ ይመስላል፤ በቅርብ ስታይው ግን ጠባሳ አለው፣ ከመጣመር የቀረ የጥርስ ምልክት አለው። አንዷን ሴት ሻርክ አስታውሳለሁ። በአፏ ጥግ የዛገ መንጠቆ ነበር፣ ከመንጠቆው ጭራ የምታህል የናይለን ገመድ ተንጠልጥላ። ሦስት ጊዜ አለፈችኝ። በሦስተኛው ያቺ ገመድ ከረንቱ ውስጥ ስትወዛወዝ እያየሁ ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት መለኪያዬን ስመለከት ነው።

እንደ ደንቡ ይሄ ብቻ ነው የሚሆነው። ያልፋል፣ ያይሻል፣ ይሄዳል። የአየር አረፋሽ ድምፅ ራሱ ያርቀዋል። የፍሎሪዳ ሙዚየም የሚይዘው ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ በ2024 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም ሰው ሳይተነኩሳቸው የተፈጸሙ 47 ንክሻዎችን ነው የመዘገበው። በየዓመቱ ከሚመዘገቡት አብዛኞቹ ደግሞ ላይ ላዩን በሚዋኙና በሰሌዳ ሞገድ በሚጋልቡ ሰዎች ላይ የሚደርሱ ናቸው።

ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ፤ ይሄን ሳያስረዳ ሰው ይዞ የሚወርድ አስጎብኚ ካጋጠመሽ ጠይቂው። ግራጫው ሻርክ ሲጨንቀው ይናገራል። ጀርባው ይጎብጣል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፣ ሁለቱ የደረት ክንፎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ መላ ሰውነቱን ወዲህና ወዲያ እያጋነነ እያወዛወዘ ይዋኛል። ትርኢት ሊመስልሽ ይችላል፤ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ በደስታ ይጠጋል። ትርኢት አይደለም። «መውጫ አሳጥታችሁኛል፣ ልቀቁኝ» ማለቱ ነው። ማይክ ደግሩይ የተባለ የባሕር ባዮሎጂስት በ1978 እ.ኤ.አ. በማርሻል ደሴቶች፣ ኤኒዌቶክ አቶል ላይ ይሄን ምልክት የሚያሳይ ግራጫ ሻርክ ፎቶ አነሳ። ሻርኩ ክንዱን ነከሰው። ሰውየው ተርፎ ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ውስጥ እየቀረጸ ኖሯል።

ስለዚህ እንደዚያ ካየሽ ፎቶ የለም። ፊትሽን ወደሱ እንዳደረግሽ፣ እጅሽን ሰብስበሽ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ሂጂ። አትሩጪ፣ ውሃ አትርገጪ። ዋናው ነገር ወደ ጥልቁ የሚወስደው መንገዱ ላይ አለመቆም ነው። በሪፉና በአንቺ መካከል እንዲጣበብ አታድርጊው። በቡድን ከሆናችሁ ክብ ሠርታችሁ አትክበቡት። እሱ የሚፈልገው መውጫ ነው፤ ካገኘ ይሄዳል። እጅሽን ደግሞ ባጠቃላይ ወደ ሰውነትሽ ሰብስቢ፣ የሚያብለጨልጭ ጌጥ ጀልባ ላይ ተይው፣ ከየትኛውም ሻርክ ጋር የዓሣ ቁራጭ ይዞ መጫወት የለም። በቃ፣ ሻርኩን በሚመለከት ይሄ ነው።

አሁን ሰው ወደሚጎዳው ነገር እንምጣ።

ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ይሄ ማለት እያንዳንዱ ትንፋሽሽ ከሲሊንደሩ አራት እጥፍ አየር ይወስዳል ማለት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ማልዲቭስ ላይ በብዛት የሚሰጡሽ 12 ሊትር ሲሊንደር ነው፤ በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው። 50 ባሩን መጠባበቂያ ብለሽ አትነኪውም። የቀረሽ 1,800 ሊትር ነው። አንድ የተረጋጋ ጀማሪ ላይ ላዩን በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ ይተነፍሳል እንበል። 30 ሜትር ላይ 80 ሊትር ይሆናል። 1,800ን ለ80 ስታካፍይው 22 ደቂቃ ነው፤ መውረጃውና መውጫው እዚያው ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ሻርክሽን አይተሻል፣ ልብሽ ይመታል፣ ከረንቱን እየታገልሽ ነው። 20 ሊትሩ 30 ይሆናል። 22 ደቂቃው 15 ይሆናል። ከረንት ውስጥ ከዚያም በላይ የሚተነፍስ አለ።

ጠረጴዛ ላይ ቁጥሩ ቀላል ነው። እታች ግን የአየር መለኪያው መርፌ አወራረድ ያስደነግጣል። አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኜ በሄድኩበት ጀልባ ላይ፣ ልምድ ያላቸውንና ጀማሪዎቹን አንድ ላይ ደባልቀው አወረዱን። አጠገቤ የነበረው ልጅ በጣም ደስተኛ ነበር፤ ሻርክ ባየ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ በእጁ ይጠቁማል። አየርህ ስንት ነው ብዬ በምልክት ጠየቅሁት። በጣቱ እሺ የሚለውን ምልክት ሰጠኝ። ቁጥሩን ነው የጠየቅሁህ ብዬ እንደገና ምልክት ሰጠሁት። መለኪያውን አነሳ፣ አየው፣ ቆየ። ዓይኑ ማስኩ ውስጥ ሲሰፋ አየሁት። 40 ባር ነበር፣ 28 ሜትር ላይ። ትርፍ መተንፈሻዬን (ሬጉሌተሬን) ሰጥቼው አብረን ወጣን። ምንም አልሆነም፤ ልጁ ግን ለቀሩት ሁለት ቀናት አልጠለቀም። ጥፋቱ የሱ አይመስለኝም። በዚያ ልምድ እዚያ ቦታ ማምጣት አልነበረባቸውም።

ሁለተኛው ነገር ናይትሮጅን ነው፤ በሁለት መንገድ ነው የሚመጣው። አንደኛው ጭንቅላት ላይ ነው። 30 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ብዙ ሰው መጠጥ እንደቀመሰ ዓይነት ይሆናል፤ ናርኮሲስ እንለዋለን። አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ይፈራል፣ ሌላው ደግሞ ይፈዝዛል። እኔ የምፈዝዘው ነኝ። አንድ ቀን ጥልቀትና ጊዜ የሚያሳየውን የዳይቭ ኮምፒውተሬን ለረጅም ጊዜ እያየሁት ቁጥሮቹ ይታዩኛል፣ ትርጉማቸው ግን አልመጣ አለኝ። ሦስት አራት ሜትር ከፍ ስል ጭንቅላቴ በራ። መድኃኒቱ ይሄው ነው፤ ከፍ ማለት። ግን ከፍ በል የሚለው ሐሳብ ራሱ የሚመጣው በደነዘዘው ጭንቅላት በኩል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥምሽ አሠልጣኝ አጠገብሽ ቢኖር ነው የሚሻለው።

ሌላው መንገድ ሰውነት ላይ ነው። በግፊት ስር ስትተነፍሺ ናይትሮጅን ወደ ደምሽና ወደ ሥጋሽ ይገባል፤ በፍጥነት ከወጣሽ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ፣ አረፋ ይሠራል። ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት ሠንጠረዥ በተራ አየር 18 ሜትር ላይ እስከ 56 ደቂቃ እንድትቆዪ ይፈቅድልሻል፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ብቻ። ልዩነቱን አየሽው? ለዚህም ጭምር ነው ኦፕን ዋተር በ18 ሜትር፣ ቀጣዩ ኮርስ አድቫንስድ በ30 ሜትር የተገደበው። የማልዲቭስ ደንብም ለመዝናኛ ጠላቂዎች ከ30 ሜትር በታች አይፈቅድም። ስለዚህ አንቺን «30 ውረጂ» ያሉሽ ሰዎች የአገሩ ደንብ እስከሚፈቅደው መጨረሻ ድረስ፣ ከወረቀትሽ 12 ሜትር በታች ነው የላኩሽ። ይሄን ስታዪ ሌላ ነገርም ተሯሩጠው ይሠሩ ይሆን ብለሽ መጠርጠር መብትሽ ነው።

ሦስተኛው ከረንቱ ራሱ ነው። የካንዱ ዳይቭ ኮርስ ላይ እንደለመድሽው በገመድ ቀስ ብሎ መውረድ የለውም። ጀልባው ከአፉ ወጣ ብሎ ሰማያዊው ላይ ይጥላችኋል፤ ቢሲዲሽ (አየር የሚሞላው መንሳፈፊያ ጃኬትሽ) ባዶ ሆኖ ወዲያው መውረድ አለብሽ። ጆሮሽ እምቢ ብሎ ላይ ስትንጠለጠዪ ከረንቱ ከንፈሩን አሳልፎ ወደ ውስጥ ይዞሽ ይገባል፣ ቡድኑ እታች ይቀራል። ስለዚህ ጆሮ ቶሎ ማስተካከል የማይችል ሰው ለዚህ ዳይቭ ገና ነው።

ከንፈሩ ላይ ስትደርሱ ሪፍ ሁክ ትጠቀማላችሁ፤ ሜትር ተኩል የምታህል ገመድ ያላት መንጠቆ ናት። መንጠቆዋን ሕይወት በሌለው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው የምታስገቢያት፣ ኮራል ላይ በፍጹም። ከዚያ ቢሲዲሽ ውስጥ ትንሽ አየር ትጨምሪና እንደ ወረቀት ካይት ከድንጋዩ ከፍ ብለሽ ትንሳፈፊያለሽ። ገመዱ በጉያሽ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሻል፣ አንገትሽን ወደ ጎን ካዞርሽ ማስክሽ ሊነቀል ይፈልጋል። ስትለቂ ደግሞ መጀመሪያ አየሩን አውጪ፣ ከዚያ መንጠቆውን። ይሄን የረሳ ሰው ተነቅሎ ወደ ላይ ይተኮሳል።

አረፋሽንም እያየሽ ሁኚ። አረፋ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ወደ ጎን ከሄደ ከረንት ነው። ወደ ታች ሲሄድ ካየሽ ግን የሚጎትት ውሃ ውስጥ ገብተሻል። ያኔ ግድግዳው ቅርብ ከሆነ ድንጋይ ይዘሽ እየተሳብሽ ውጪ፤ ሩቅ ከሆነ ከግድግዳው ራቅ ብለሽ ወደ ጎን ዋኚ፣ እነዚህ ጅረቶች ጠባብ ናቸው። አየር ወደ ቢሲዲ ከጨመርሽ፣ ጅረቱ በድንገት ሲለቅሽ ቶሎ ለማስወጣት እጅሽ ቫልቩ ላይ ይሁን። ከላይ ስትወጡ ጀልባው የሚያያችሁ አየር ሞልታችሁ ከውሃው በላይ በምታቆሙት ብርቱካናማ ፊኛ ነው። የራስሽ ይኑርሽ፤ የአስጎብኚው ፊኛ ለአስጎብኚው ነው።

አሁን ተስፋ አስቆረጥኩሽ? አይዞሽ፣ መንገዱ ቀላል ነው። ዱባይ ነሽ፤ የካቲት እስኪደርስ ጊዜ አለሽ። ወደ ፉጃይራ በኩል ዲባ ሮክ የሚባል ጥልቀት የሌለው ሪፍ አለ፤ ጫፈ ጥቁር የሪፍ ሻርኮች የሚታዩበት ቦታ ነው። የመጀመሪያ ሻርክሽን እዚያ፣ አሥር ሜትር ላይ፣ ብዙ አየር ኖሮሽ ብታዪው በጣም ደስ ይለኛል። ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ መርፌው እንዴት እንደሚወርድ እዚያ ትማሪያለሽ። አድቫንስዱን ጨርሺ፣ የጥልቀት ዳይቩ ውስጡ አለ። የናይትሮክስ (ኦክስጅኑ የበዛ አየር) ኮርስም ውሰጂ፤ ኦክስጅኑ 32 በመቶ የሆነው ድብልቅ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃውን ወደ 30 ከፍ ያደርግልሻል። አየሩን ግን አይጨምርልሽም፤ ይሄን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ዳይቭሽ 30 እና 40 ሲሞላ፣ ከነሱም ውስጥ ጥቂቱ ከረንት ያለባቸው ሲሆኑ፣ ያኔ የካንዱው አፍ ይደረስበታል።

የካቲት ደርሶ እዚያ ካልደረስሽስ? ሂጂ ነው የምልሽ አሁንም። ቫቩ ውስጥ ሻርክ ለማየት 30 ሜትር የግድ አይደለም። ከረንቱ ረጋ ባለ ቀን ከካንዱው ጥግ ላይ 15 እና 18 ሜትር ሆነሽ ከታችሽ ሲያልፉ ታያቸዋለሽ፤ አንዳንዴም ወደ አንቺ ይወጣሉ። ማታ ማታ ደግሞ አሊማታ ደሴት አጠገብ ነርስ ሻርኮች በብዛት ይሰበሰባሉ። ለዓመታት የዓሣ ትራፊ ስለለመዱ ነው። እኔ ማብላቱን አልወደውም፤ እንስሳው ሰውንና ምግብን እንዲያገናኝ ያደርጋል። ቢሆንም ከሄድሽ አሸዋው ላይ ተንበርክከሽ፣ እጅሽን ሰብስበሽ፣ ማንንም ሳትነኪ እዪ። ወደ ደቡብ ፉቫሙላህ ላይ በዓሣ ትራፊ እየጠሩ ከታይገር ሻርክ ጋር ስለሚያጠልቁት ከጠየቁሽ፣ እሱ ፈጽሞ ሌላ እንስሳና ሌላ ዳይቭ ነው። ለአሁኑ ይቅርብሽ።

እዚያ ጀልባ ላይ አስጎብኚው ገለጻ ሲያደርግ እጅሽን አውጥተሽ «14 ዳይቭ ነው ያለኝ፣ ከ18 ሜትር በታች አልወርድም» በዪ። ሰው ሁሉ ይሰማሽ። ከተዘጋጀሽ በኋላም ጠዋት ተነስተሽ ባሕሩን አይተሽ ደስ ካላለሽ ቅሪ። ፈሪ ለናቱ ይባል የለ? እናትሽም እየጠበቁሽ ነው። ከአንድ ዳይቭ በቀረ ሰው ላይ የሚስቅ ጠላቂ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ካጋጠመሽም ከሱ ጋር አትውረጂ።

በረራው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጥያቄሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የተለመደው ምክር ለብዙ ቀን ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ይላል። ምክንያቱ የአውሮፕላኑ ካቢን ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለሽ ያህል ሊወርድ ይችላል። ሰውነትሽ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ያኔ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ግን ይሄ ምክር ሲጻፍ ብዙው ሰው መጨረሻ ላይ ባሕር ጠለል አካባቢ ያርፋል ተብሎ ነው። ዱባይ ብታርፊ በሩ ሲከፈት ግፊቱ ይመለስልሻል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቦሌ ስትወርጂ ከካቢኑ አልወጣሽም እንደማለት ነው። እንዲያውም እንደ ቦይንግ 787 ያሉት አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ካቢናቸውን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚይዙ፣ ከአውሮፕላኑ ስትወጪ ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል። በማግስቱ ዘመድ ወዳጅ ይዞሽ እንጦጦ ከወጣ 3,000 ሜትር አልፈሻል፤ ይሄ ከየትኛውም ካቢን በላይ ነው።

ስለዚህ ለሐበሻ ጠላቂ የምለው ሁልጊዜ አንድ ነው። ከመጨረሻው ዳይቭ በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ፣ ቢቻል ከዚያ በላይ ጠብቂ። የመጨረሻው ቀን ዳይቭ ጥልቅ አይሁን። ቲኬቱን አሁን ቀይሪው፤ ማሌ ላይ አንድ ቀን ጨምሪና በባሕሩ ዳር ሁኚ፣ ውሃ ጠጪ፣ አልኮሉን ተይው። መንገድሽ በዱባይ ከሆነ ደግሞ እዚያ አንድ ሌሊት ማደሩ የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ከገባሽ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንጦጦ ይቅርብሽ።

ምልክቶቹን ደግሞ እወቂያቸው። የትከሻ ወይም የክርን ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ ከመንገድ ድካም የተለየ ከባድ ድካም፣ ማዞር። ሰው «ሻንጣ ተሸክሜ ነው» እያለ ያልፈዋል። አትለፊው። ሐኪም ቤት ስትገቢ የመጀመሪያ ቃልሽ «ባሕር ውስጥ በሲሊንደር አየር ስጠልቅ ነበር» ይሁን፤ ሐኪሙ ካልነገርሽው ከየት ያመጣዋል? ኦክስጅን እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የጠላቂዎች ኢንሹራንስ ግቢ፤ ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ዳይቪንግን አይሸፍንም።

ስለዚያች መንጠቆ ስለነበራት ሻርክ አንድ ነገር ልጨምር። ማልዲቭስ በ2010 እ.ኤ.አ. ሻርክ ማጥመድን በመላ አገሪቱ አገደች፤ ፓላው ከአንድ ዓመት በፊት ቀድማታለች። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት በ58 አገሮች 371 ሪፎችን አይቶ ከአምስቱ አንድ በሚሆነው ላይ ሻርክ ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል ብሏል። ግራጫው የሪፍ ሻርክ ዛሬ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ ነው። እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር ሻርክ አገኝባቸው የነበሩ፣ አሁን ድንጋዩ ብቻ የቀረባቸው ቦታዎች አሉ። ቫቩ ላይ ግን አሁንም ከሰማያዊው ውስጥ ይወጣሉ። ከተመለስሽ በኋላ ስንት እንዳየሽ፣ መርፌሽ ስንት ላይ እንደነበረ ጻፊልኝ፤ ሁለቱንም ማወቅ እፈልጋለሁ።